ተራራውን ያሻገራቸው ማን ነበር

ፎቶው የተሰቀለው ከቡና ቤቱ በር አጠገብ ነው። ስለዚህ ቫርዲስ እሱን ላለማየት ሲል ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መቀመጥ ግድ ሆነበት። ይህን ደግሞ በእኛ ተራራ ላይ ጤነኛ ወንድ አያደርገውም፤ በሩን የማያይ ሰው ማን እንደመጣበት አያውቅም። የመንደራችን የድሪሞና ሰዎች ነገሩን አይተው በልባቸው ሳቁ። በአፋቸው ግን ምንም አላሉም፣ የቫርዲስ እጅ ፈጣን ነዋ።

በፎቶው ላይ ያለው ሐሪዲሞስ ነው። ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ የራሱ ያልሆነ ጠመንጃ ይዞ፣ ሪዙን ወደ ላይ ጠምዝዞ፣ ግንባሩን በጥቁር ሻሽ አስሮ ሩቅ ሩቅ ያያል። ከሥሩ «ኮማንዶዎቹን ያሻገረው መሪ» የሚል ጽሑፍ አለ። የፊልም ሰዎቹ ናቸው ያን ጽሑፍ የለጠፉበት። ከዚያ ወዲህ ከአቴንስም ከእንግሊዝ አገርም የመጣ እንግዳ ሁሉ «የፊልሙ ሰውዬ የታለ?» እያለ ይጠይቃል፣ አረቄ ይጋብዘዋል፣ አብሮት ፎቶ ይነሳል። አንዱማ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጥቶታል። ሐሪዲሞስ ሰዓት ማየት አያውቅም። ቢሆንም እጅጌውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው፣ በክረምትም ጭምር።

ቫርዲስ ይህን ሁሉ ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። ሰው በሩቅ ሰው አይቀናም። ከአቴንስ የመጣው ዋናው ተዋናይ ያማረ መኪና ቢነዳ ቫርዲስ ምን ግድ ሰጠው? ሐሪዲሞስ ግን አበልጁ ነው፤ የአንዲት ልጁን የሮዳንቲን ክርስትና ያነሳ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ቅል ወተት የጠጡ፣ በአንድ በረት ያደሩ፣ አንዱ የሌላውን ኩርፊያና ሳቅ በኮቴው የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከፍ ሲል ነው የሚያመው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ኮማንዶዎቹን ያሻገረው ቫርዲስ ራሱ መሆኑ ነው። ይህንን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ አርጊሮ፣ እንዲሁም ሐሪዲሞስ ብቻ ናቸው። እንግሊዞቹ ስሙን አልጠየቁም፣ እሱም አልነገራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ጀርመኖች ደሴታችንን በያዙ በሁለተኛው ዓመት፣ በገብስ አጨዳ ሰሞን፣ አራት እንግሊዞች ከሰርጓጅ መርከብ በጎማ ጀልባ ወርደው በደቡቡ ዳርቻ ወጡ። ሐሪዲሞስ በቅሎውን ይዞ ተቀበላቸውና እስከ በጎቹ በረት አመጣቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እሱ አያውቀውም። ከበረቱ እስከ ሜዳው፣ የጀርመን አውሮፕላኖች እስከሚያድሩበት ድረስ፣ ሁለት ገደልና አንድ የጀርመን ኬላ አለ። ያንን በጨለማ የሚያልፍ መንገድ የሚያውቅ ሰው የሰው በግ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቫርዲስ ደግሞ በዚህ ሙያ አቻ አልነበረውም። አትፍረዱበት፤ በእኛ ተራራ በግ መስረቅ የወንድ ልጅ ትምህርት ቤት ነበር፣ ነውሩ መያዙ ነው።

ቫርዲስ እንግሊዞቹን እስከ ሽቦው አጥር አደረሳቸው። እነሱ ገቡ፣ እሱ ተመለሰ፤ ውላቸው እንደዚያ ነበር። አቀበቱን እየወጣ ሳለ ከኋላው ሜዳው ነደደ። አውሮፕላኖቹ ተራ በተራ ሲፈነዱ ተራራው ሁሉ ቀን መሰለ። በዚያ ብርሃን ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ከፕሪናሪ መንደር በላይ የፖሊክሮኒስን መንጋ። ሠላሳ የሚሆኑ የሰቡ በጎች፣ እረኛ የሌላቸው። እረኛው እሳቱን ለማየት ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጧል። ሌላ አገር የተወለደ ሰው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነፍሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይፈረጥጣል። የተራራ ሰው ግን የሰው ግጦሽ አቋርጦ ባዶ እጁን ቤቱ አይገባም። ቫርዲስ ራሱ መርቶ ባስለኮሰው እሳት ብርሃን በጎቹን እየነዳ ሄደ።

ፖሊክሮኒስ እልኸኛ ነው። ጀርመኖች ለአውሮፕላኖቻቸው ሰው ሲያስሩ እሱ ለበጎቹ ሰው ያስምል ነበር። የጠረጠረውን ሁሉ እየጠራ በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ እጁን አስጭኖ «አልሰረቅሁም» ያሰኛል። በዚያ ሥዕል ላይ በሐሰት የሚምል ሰው በእኛ ተራራ ገና አልተወለደም፤ የሰረቀ ሰው ከበሩ ይመለሳል፣ በዚያ ይታወቃል። ተራው ወደ ድሪሞና ሲዞር ሐሪዲሞስ ለቫርዲስ ቀድሞ ደረሰለት።

«ቫርዲስ? እሱን ተወው ባክህ» አለው ፖሊክሮኒስን። «ያን ሌሊት ትኩሳት ጥሎት እኔ በረት ተኝቶ ነበር። እስኪነጋ የተራራ ቅጠል እያፈላሁ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

ፖሊክሮኒስ አመነ፣ ቫርዲስም ሳይጠራ ቀረ። «ያንን ሌባ ያገኘሁት ቀን ግን» ብሎ ማለ ፖሊክሮኒስ፣ «ከእሱ ጋር እስክሞት አንድ ዳቦ አልቆርስም።»

ዓመታት አለፉ። ጀርመኖች ሄዱ፣ በጎቹም ተበሉ። እግዜር ሲያላግጥ ደግሞ የቫርዲስ ልጅ ሮዳንቲ የምትወደው ሌላ ወንድ አጥታ የፖሊክሮኒስን ልጅ ወደደች። ቀለበት ባሰሩበት ቀን ሁለቱ አባቶች በድሪሞና ቡና ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ብርጭቆ ሲያጋጩ ከአቴንስ የመጡ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ዳይሬክተር ነበር፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ ያሰረ።

«ስለዚያ የአውሮፕላን ማረፊያ ቃጠሎ ፊልም ልንሠራ ነው» አለ። «እንግሊዞቹን በተራራው ያሻገራቸው ሰው ከዚህ መንደር ነው ይባላል። ማን ነው?»

ቡና ቤቱ ጭጭ አለ። ባዕድ ሰው መጥቶ «በሌሊት በተራራው ላይ የሄደው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ድሪሞና መልስ ሰጥታ አታውቅም፣ ዝም አይነቅዝም። ሁሉም ጣሪያውን ያይ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ «እኔ እንኳ በዚያ ዓመት ጥርሴን አሞኝ ነበር» አለ።

ቫርዲስን ምላሱ በላው። «እኔ ነኝ» ሊል ነበር። የፖሊክሮኒስ ጉልበት ግን ጉልበቱን ነክቶታል። ልጁ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ነው ቀለበት ያጠለቀችው። እናም ማንም ሳይጠይቀው ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እኔ ያን ሌሊት ታምሜ ተኝቼ ነበር።»

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። ከእሱ በኋላ ሐሪዲሞስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከባሕሩ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ» አለ፣ «እስከ በረቴ ድረስ።»

ይህ እውነት ነው። ዳይሬክተሩ ግን «እስከ በረቴ ድረስ» የምትለዋን የሰማት አይመስልም። ሪዙን አየ፣ ቁመቱን አየ፣ ትከሻውን አየ፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄም አልጠየቀ። ቫርዲስ ያን ቀን ከአፉ ያወጣትን ነገር ሊመልሳት ስንት ጊዜ በሐሳቡ ተመላልሷል! ከአፍ የወጣ አፋፍ።

በሚቀጥለው ፀደይ የፊልም ሰዎቹ በሦስት ጭነት መኪና መጡ። ሐሪዲሞስ ራሱን ሆኖ እንዲጫወት ተቀጠረ፤ «ራሱን» የሚሉት ቫርዲስን ነው እንግዲህ። አዲስ ቡት ጫማና ሐር ሻሽ ሰጡት፣ ጩቤም በብር ሰገባ። መንደርተኛው ሁሉ የቀን ሥራ አገኘ። ቫርዲስም ተሰለፈ። ዳይሬክተሩ ቀይ ጠጉሩንና ውኃ መሳይ ዓይኖቹን ሲያይ ደስ አለው።

«ይሄ ጀርመን ነው!» አለ። «ሙሉ ጀርመን ነው። ዘበኛ አድርጉት።»

እውነተኛው መሪ የጀርመን መለዮ ለብሶ፣ የጀርመን ቆብ ደፍቶ፣ ሽቦው አጠገብ ጠባቂ ሆነ። ሐሪዲሞስ ከኋላው ተስቦ ይመጣና አፉን አፍኖ በጩቤ ይወጋዋል። አንድ ጊዜ መሰላችሁ? ዳይሬክተሩ «አሟሟቱ አላማረኝም» እያለ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲያስገድለው ዋለ።

«አበልጄ፣ ትንሽ ዘና በል» ይለዋል ሐሪዲሞስ በጆሮው፣ «ሞት ላይ ያለህ ሳይሆን የተቆጣህ ነው የምትመስለው።»

«ቶሎ ውጋኝና እንሂድ።»

«አልጎዳሁህም አይደል?»

«የምር ወግተኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ሐሪዲሞስ ለይስሙላ ሳቀ። እሱም ቢሆን ልቡ ያውቃል። ግን አዲሱ ቡት ጫማ ይመቸዋል፣ የአቴንስ ሴቶች ሪዙን ይነካሉ፣ ማን ነው እንዲህ ያለውን ነገር በፈቃዱ የሚተወው?

ተራራውን የሚሻገሩበት ክፍል ሲቀረጽ ደግሞ ቫርዲስ ከዛፍ ሥር ቆሞ ተመለከተ። ሐሪዲሞስ ኮማንዶ ተብዬዎቹን በፍየል መንገድ ላይ ይመራቸዋል፤ አሮጊቶች ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄዱበት መንገድ። ያኔ በዚያ ቢሄዱ ኖሮ ጀርመኖቹ ቁጭ ብለው እያጨበጨቡ ባዩአቸው ነበር። ቫርዲስ ጥርሱን ነክሶ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ያን ቀንም ራቱን አልበላም።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አርጊሮ፣ «ቅናቱ ጨጓራህን ልጦ ሊገድልህ ነው። ትናገር እንደሆን ተናገር፣ ካልሆነ ተወው።»

«እናገራለሁ!»

«ምን ብለህ? 'እኔ ነበርኩ' ልትል? ፖሊክሮኒስ 'ያን ሌሊት እዚያ ከነበርክ በጎቼንስ?' ይልሃል። ልጅህ እዚያ ቤት ናት። ቅዱስ ሚካኤል ፊት ልትቆም ነው?»

አርጊሮ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

«ሐሪዲሞስ ግን ያ ሻሽ ሲያምርበት» አለች ቆይታ።

ቢላዋውን ከእጇ ቀምቶ በመስኮት ወረወረው። እሷም ሌላ ቢላዋ አውጥታ ሽንኩርቷን ጨረሰች። ለቅናተኛ ባል ሁለት ቢላዋ ያስፈልጋል ትላለች እስከ ዛሬ።

ቫርዲስን በሕይወት የያዘው አንድ ተስፋ ነበር። ወንድ ልጅ የለውም፣ ወንድሞቹ በጦርነቱ አልቀዋል። በእኛ ወግ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባትየውን አባት ስም ይይዛል፣ ሁለተኛው የእናትየውን አባት። የሮዳንቲ የመጀመሪያ ልጅ ፖሊክሮኒስ ተባለ፣ እሰየው። አሁን ሁለተኛ ወንድ ወልዳለች፣ ክርስትናው ለሚመጣው እሑድ ተቀጥሯል። ስሙ ቫርዲስ ይሆናል። ፊልሙንም ፎቶውንም ሐሪዲሞስ ይውሰደው፤ እሱ ሲሞት ግን በተራራው ላይ «ቫርዲስ!» ተብሎ የሚጠራ ሰው ይኖራል። ክርስትና አባቱ ማን እንዲሆን ፖሊክሮኒስ መረጠ? ዝነኛውን ሐሪዲሞስን ነዋ። ቫርዲስ ያንንም እንደ ኮሶ ዋጠው።

ፊልሙ ተሠርቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ መንደራችን የመጣው ከዚያ ክርስትና በፊት በነበረው ሳምንት፣ በበዓል ቀን ነው። በቡና ቤቱ መስኮቶች ላይ ከቀትር በኋላ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ አንሶላ ተወጠረ። ፖሊክሮኒስም ከፕሪናሪ ተጋብዞ መጥቶ ከአማቹ ከቫርዲስ ጎን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐሪዲሞስ መሃል ላይ፣ ሰዓቱን አሳይቶ።

መብራት ጠፋ። ሐሪዲሞስ ከባሕሩ ዳር በቅሎ ይዞ ወጣ፣ ሰው አጨበጨበ። ሐሪዲሞስ ተራራ ወጣ፣ ገደል ወረደ፣ ለቆሰለ ኮማንዶ ከራሱ ኮዳ ውኃ አጠጣ። ሽቦው ሥር ደረሰ። ሴቶቹ እስትንፋሳቸውን ያዙ። ቫርዲስ በጀርመን ቆብ ብቅ ሲል ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጩቤው ገባ፣ ቫርዲስ ወደቀ፣ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ ሆኖ ወዲያው ገጠመለት፦

«ቫርዲስ ሞተ አሉ በጩቤ ተወግቶ፣
ማታ ቤቱ ገባ ራቱን ሽቶ።»

አርጊሮ ሳትቀር ሳቀች። አንሶላው ላይ አውሮፕላኖቹ ነደዱ፣ የእሱ እሳት፣ የእሱ ሌሊት፤ በእሳቱ ፊት ቆሞ ሪዙን የሚጠመዝዘው ግን ሌላ ሰው። እንዲያ ጠልቶት አያውቅም። ይህንንም በልቡ በግልጽ ለራሱ ነገረው፦ «እጠላዋለሁ።»

ፊልሙ አለቀ። ብርድ ልብሶቹ ወረዱ። ሰው ሁሉ ሐሪዲሞስን ሊስም ሲነሳ ፖሊክሮኒስ ብቻ አልተነሳም። ጣቱን እያጣጠፈ ያስባል። ፖሊክሮኒስ ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው፣ የያዘውን ግን አይለቅም።

«ሐሪዲሞስ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቀኝ።»

«በጎቼ የጠፉት አውሮፕላኖቹ የነደዱ ሌሊት ነው።»

«አውቃለሁ፣ አሳዛኝ ነገር ነው።»

«አንተ ከባሕር እስከ በረትህ ብቻ የሄድክ መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያ ስትል ነው የሰማሁህ። ይሄ ፊልም ግን እስኪነጋ ሽቦው ሥር ነበርክ ይላል።» ወደ ቫርዲስ ዞር አለ። «ታዲያ አማቼን ቅጠል እያፈላ ሲያጠጣ ያደረው ማን ነው?»

ሁሉም ነገሩ ገብቶታል። ሐሪዲሞስ ሽቦው ሥር ከነበረ፣ ቫርዲስ ታሞ ተኝቶ ለማደሩ ምስክር የለውም። ምስክር የሌለው ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ይቆማል።

ሐሪዲሞስ ቫርዲስን አየው። ከዚያ የእጅጌውን ቁልፍ ቆለፈ፣ ሰዓቱ ተሸፈነ።

«ፊልሙ ውሸት ነው» አለ። «እኔ ከባሕር ተቀብዬ በረቴ አደረስኳቸው፣ በቃ። ከዚያ የወሰዳቸው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ ፊቱን ሸፍኖ ነበር፣ አላውቀውም። እኔ እዚያው በረቴ ነው ያደርኩት። ቫርዲስን ቅጠል ሳጠጣ ነው ያደርኩት። ለፊልም ሰዎቹ ያልነገርኳቸው ቡት ጫማው ስላማረኝ ነው።»

አቤት የዚያን ጊዜ የነበረው ሁካታ! አፍ ያለው ሁሉ በአንዴ ከፈተው። «ታዲያ የጋበዝንህን አረቄ መልሰው!» አለ አንዱ። «የወፍጮ ቤት ጀግና!» አለች አንዷ አሮጊት። ባለ ቡና ቤቱ ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶውን አወረደና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መሬት አስቀመጠው። ሐሪዲሞስ አቀርቅሮ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፣ መሸሸጊያ የለውም።

ቫርዲስ ለዓመታት የጸለየው ይሄንን ነበር። ፎቶው ወረደ። አሁን ደስታው ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። የመጣው ያው የድሮው ቅናት ነው፣ ከድሮውም የባሰ። ያ ሰውዬ የሚወደውን ሁሉ፣ ዝናውን፣ ሪዙን የሚያዩለትን ሴቶች፣ ክብሩን፣ አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። ለማን ብሎ? ለቫርዲስ። ቫርዲስ በዕድሜው ለማንም ሰው ይህን የሚያህል ነገር አድርጎ አያውቅም። ተራራውን እኔ ተሻግሬዋለሁ ሲል የኖረውን ሰው አሁን ሐሪዲሞስ በቆመበት አንድ እርምጃ ሳይራመድ በለጠው። ይህንንማ አይተውለትም። ፊልሙን ተወለት፣ ፎቶውን ተወለት፣ ይህንን ግን ሞቶ ይገኛል።

ተነሳ።

«ይዋሻል» አለ። «ለእኔ ሲል ነው የሚዋሸው። ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ።»

የሳቁ ብዛት መስኮቱን ነቀነቀው። «ቅናቱ አሳበደው!» አሉ። «ሐሪዲሞስ ሲወርድ እሱ ሊወጣ!» አርጊሮ ከኋላ ሆና ኮቱን ትጎትታለች፣ «ተቀመጥ፣ ስለ ልጅህ ብለህ ተቀመጥ» እያለች።

«ስመለስ ደግሞ» አለ ቫርዲስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በጎችህን ወስጃለሁ፣ አማቼ።»

ሳቁ ቆመ። የሚያስቀው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ተራራውን መሻገሩን አንድም ያመነው የለም፣ በጎቹን መስረቁን ግን ሁሉም ወዲያው አመነ።

«አትስማው፣ ትኩሳቱ ነው፣ ያኔም እንዲህ ነበር የሚቀባዥረው» አለ ሐሪዲሞስ።

ፖሊክሮኒስ እጁን አነሳ። «የመሪዋ በግ ቃጭል» አለ። «ምን አደረግከው?»

«ሣር ወተፍኩበት፣ እንዳይጮህ። ከዚያ ሁለተኛው ገደል ላይ ቆርጬ ወረወርኩት።»

ፖሊክሮኒስ ተነስቶ ቆቡን ደፋ።

«አግኝቼው ነበር» አለ። «ሣሩ ውስጡ ደርቆ። ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም።» ቫርዲስን አየው፣ ዓይኑ ውስጥ ክብርም ነበረ፣ ይህ አልጠፋም። «በዚያ ገደል በሌሊት የሄድክ ሰው ወንድ ነህ። እንግሊዞቹንም አሻግረሃል፣ አምንሃለሁ። እኔ ግን ማልኩ። አሥራ ስንት ዓመት ሙሉ ቤቴ ገብተህ ዓይኔን እያየህ ዳቦዬን በላህ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አትለፍ። ልጁም ያንተን ስም አይዝም። የክርስትና አባቱን ስም ይያዝ፤ ውሸታም ቢሆንም ወዳጁን አይሰርቅም። ሐሪዲሞስ ይባላል።»

ከዚያ ወጣ። ቫርዲስ ባለበት ቀረ። ፎቶው የወረደበትን የግድግዳ ቦታ ሲያየው፣ ምንም ነገር ያልተሰቀለበት ግድግዳ እንዲህ ያስጠላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

እሑድ ዕለት ቫርዲስ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከፕሪናሪ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ባለው የእንጆሪ ዛፍ ሥር ቆመ። አርጊሮ ውስጥ ናት። በእኛ ወግ የሕፃኑ ስም በክርስትና አባቱ አፍ እስኪጠራ ድረስ የመንደሩ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ፤ ስሙን እንደሰሙ ሮጠው ለዘመድ ያበሥራሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ሳንቲም ይሸለማል። ቫርዲስ ወደ እሱ የሚሮጥ ልጅ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም። ቆሞ የራሱን ሞት እንደሚሰማ ሰው ጆሮውን ብቻ አቀና። «ሐሪዲሞስ» ሲባል ሊሰማ ነው። ያንን ስም በዚያ ልጅ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሊጠራ ነው።

ውስጥ ካህኑ ጸጥ አሉ። ከዚያ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጉምጉምታ፣ ከዚያ የፖሊክሮኒስ ቁጣ። ልጆቹ ከበሩ ተፈናጥረው ወጡ።

«ቫርዲስ! ስሙ ቫርዲስ ነው!»

አንዱ ቀድሞ ደርሶ መዳፉን ዘረጋ። ቫርዲስ ኪሱ ውስጥ ያለውን ድራክማ ሁሉ ሳያይ ሰጠው። ዛፉን ያዘ። ዓይኑ በእንባ ሞልቶ ሳለ ሐሪዲሞስ ገና ውኃው ያልደረቀለትን ሕፃን ታቅፎ መንገዱን ተሻገረ። ፖሊክሮኒስ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን ጨምድዶ ያያል። ግን የክርስትና አባት ያወጣውን ስም ጳጳስም አይመልሰውም።

«ሐሪዲሞስ በል ብለውኝ ነበር» አለ ሐሪዲሞስ። «ካህኑም ሁለቴ ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው አንድ ስም ነው አልኳቸው።»

«አንተ ሰው» አለ ቫርዲስ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አንድ ነገር እንኳ፣ አንዲት ነገር እንኳ፣ በራሴ እጅ እንድወስዳት ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»

ሐሪዲሞስ ሕፃኑን እጁ ላይ አኖረለት። ቫርዲስ ልጁን በስሙ ሊጠራው አፉን ከፈተ፣ ጠራውም፤ በጆሮው የተሰማው ድምፅ ግን ስሙን ያወጣለት የሐሪዲሞስ ነበር።